ለሊቀመንበሩ ጀርባውን የሚሰጥ ተርባይን

የምሥራቅ ኮሎምበስ «አብሮነት» መረዳጃ ዕድር፣ የንፋስ ኃይል ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ሐሙስ ጥቅምት 15 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ ፈረንጆቹ ኦክቶበር 26 ቀን 1995 በሚሉት።

ቦታ፦ ከቤክስሊ ሰፈር ወዲህ፣ ከጎማ ቤቱ በላይ ባለው የዕድሩ ክፍል።

ሰዓት፦ የተጠራው ለ8 ሰዓት፣ የተጀመረው 9 ከሩብ ላይ። በመሐል ያለው ጊዜ ማን ሌይት እንዳደረገ በመወቃቀስ በሥራ ላይ ውሏል።

የተገኙ፦

ጋሼ ጎሹ፣ ሊቀመንበር። አገር ቤት የወረዳ ሹም የነበሩ፣ አሁን ዳውንታውን በአንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ትኬት የሚቆርጡ። ሹመቱ ግን አልለቀቃቸውም።

እትዬ ሙሉወርቅ፣ ሒሳብ ሹም። አረጋውያን መጦሪያ የሚሠሩ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው የጸሎት ቡድን መሪ።

ኢንጂነር ሳህሌ፣ የተርባይኑ ሠሪ። በተማረው ምህንድስና ሳይሆን በወገቡ፣ ሪከንባከር ኤርፖርት የካርጎ ሳጥን እየተሸከመ የሚያድር።

ወይዘሮ ሞሚና፣ አባል። በዲቪ ከመጣች ዓመት ያልሞላት፣ ሆቴል አልጋ የምታነጥፍ።

ጀማነህ፣ አባል። የሪከንባከር ፎርክሊፍት ነጂ፣ ከሌሊት ሺፍት በቀጥታ መጥቶ ሶፋው ላይ የተኛ።

ዘውዴ፣ ጸሐፊ። ከማታ መሠረተ ትምህርት ክፍል አንደኛ ወጥቶ የጨረሰ። ክፍሉ አራት ሰው ብቻ ነበር የሚሉ ምቀኞች አሉ። አንደኛ ግን አንደኛ ነው።

ያልተገኘ፦ ቢሩክ። ኮል ተደርጎለት «270 ላይ ነኝ፣ ደረስኩ» ብሏል። 270 ከተማውን ዙሪያውን የሚከብ አውራ ጎዳና ነው፣ ከየትኛው ወገን እንደሚደርስ ግን አልገለጸም።

ምልዓተ ጉባኤን በተመለከተ፦ በደንቡ መሠረት ከሰባቱ ስድስቱ ካልተገኙ ስብሰባ የለም። ጀማነህ ተኝቶ ስለነበር ይቆጠራል አይቆጠርም የሚል ክርክር ተነሣ። ሊቀመንበሩ በወረዳ ሹምነታቸው ዘመን ከዚህ የባሰ የተኛ ሰው ጭብጨባ ሲመራ ማየታቸውን ገልጸው፣ ካላንኮራፋ ይቆጠር አሉ። ተወሰነ።

አጀንዳ 1፦ የኢንጂነር ሳህሌ ጥያቄ

ኢንጂነሩ ጉዳዩን በአጭሩ አስረዳ። ሁለት ክረምት በእትዬ ሙሉወርቅ ጋራዥ ውስጥ ሲጠርበው የከረመው ትንሽ የንፋስ ተርባይን አልቋል። ሦስት የእንጨት ክንፍ አለው፣ እያንዳንዳቸው አንድ ክንድ የሚያህሉ፣ ግርጌያቸው ላይ ሰፋ፣ ጫፋቸው ላይ ሳሳ ብለው ጠምዘዝ ያሉ። ዲናሞው ከጀማነህ አሮጌ ቶዮታ የወጣ ነው። ከኋላው ፊቱን ወደ ንፋሱ የሚያዞርለት ጅራት አለው። ሥራውን አምጥቶ ክፍሉ መሐል መቆሚያ ላይ አስቀምጦታል፣ ለማሳያም አንዲት ትንሽ አምፖል አያይዞበታል።

አዲስ ነገሩ ምኑ ላይ ነው ተብሎ ተጠየቀ። ኢንጂነሩ ሲመልስ፣ «የኮሎምበስ ንፋስ ሰነፍ ነው። ሌላው ተርባይን ማዕበል ካልመጣ አይነቃነቅም። የኔ ግን ሻማ ለማጥፋት የማይበቃ ንፋስ ይበቃዋል» አለ።

ቀጥሎ የመጣበትን ነገር ተናገረ። ቅዳሜ ጠዋት ከዴይተን፣ የእርሻ ፓምፕ ከሚሠራ አንድ ፋብሪካ፣ ሁለት ሰዎች ሊያዩት ይመጣሉ። ጣሪያ ላይ ሆኖ ሲሽከረከር ካዩትና ከወደዱት በንድፍ ክፍላቸው ሊቀጥሩት ነግረውታል። ጣሪያው በዕድሩ ስም የተከራየ ስለሆነ፣ ከኮሚቴው የሚፈልገው አንድ ውሳኔ ብቻ ነው፦ እንደተሠራው ይሰቀል።

«ጋሼ፣ አንድ ቀን እንኳ በተማርኩት ልብላ። ሳጥን መሸከም ወገቤን ጨርሶታል» አለ።

ጸሐፊው ዓይኑ ውስጥ ትንሽ ነገር ገብቶበት ነበር።

ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «አይዞህ ልጄ፣ ይሄማ የሁላችንም ኩራት ነው» አሉ። «የሁላችንም» የሚለው ቃል ባይነገር ኖሮ ስብሰባው እዚህ ላይ ባለቀ ነበር።

እትዬ ሙሉወርቅ ጋራዡ የሳቸው መሆኑን፣ ሁለት ክረምት መኪናቸው በረዶ ላይ ማደሯን፣ ይህን ሁሉ ግን ለጌታ ብለው መቻላቸውን አስታወሱ። ወይዘሮ ሞሚና አንድ ቅዳሜ ክንፎቹን በሸካራ ወረቀት ማሸቷን ተናገረች። ሊቀመንበሩ ደግሞ ሐሳቡን ሲሰሙ «በርታ» ያሉት እሳቸው መሆናቸውን፣ ያለ «በርታ» የተሠራ ነገር በዓለም ላይ እንደሌለ አብራሩ። ጀማነህ ዲናሞውን በሚመለከት በእንቅልፉ ተወከለ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ተርባይኑ የዕድሩ ንብረት መሆኑ ተወሰነ። ኢንጂነሩ፣ «የፈለጋችሁት ይሁን፣ ብቻ ቅዳሜ ይሰቀል» አለ። ይህን ባይል ይሻለው ነበር።

አጀንዳ 2፦ የክንፎቹ ቁጥር

ወይዘሮ ሞሚና እጇን አውጥታ፣ «ንብረቱ የሁላችንም ከሆነ፣ እኛ ሰባት ሆነን ክንፉ ለምን ሦስት ሆነ?» ስትል ጠየቀች።

ሊቀመንበሩ ጥያቄው የበሰለ መሆኑን አድንቀው፣ «ለመሆኑ ሦስቱ የማን የማን ናቸው?» አሉ።

ኢንጂነሩ የማንም እንዳልሆኑ፣ የተርባይኑ እንደሆኑ መለሰ።

«የማንም ያልሆነ ነገር በሹምነቴ ዘመን አልገጠመኝም። አሁንም እንዲገጥመኝ አልፈልግም» አሉ ሊቀመንበሩ።

እትዬ ሙሉወርቅ ሦስት መልካም ቁጥር ቢሆንም በቃሉ መሠረት ፍጹሙ ቁጥር ሰባት መሆኑን አሳሰቡ።

ኢንጂነሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ክንፍ ሲበዛ ተርባይኑ እንደሚከብድና ቀስ እንደሚል፣ ዲናሞ ደግሞ ፍጥነት ካላገኘ መብራት እንደማይሰጥ አስረዳ። አክሎም፣ «እትዬ፣ ዲናሞ እኮ መጽሐፍ ቅዱስ አያነብም!» አለ።

እትዬ ሙሉወርቅ፣ «ጌታ ይገሥጽህ» አሉ። ቃሉ በተናጋሪዋ ፈቃድ በቃለ ጉባኤው ገብቷል።

ሊቀመንበሩ ጠቡን ለማብረድ አስታራቂ ሐሳብ አቀረቡ። ክንፉ ሰባት ሆኖ የሊቀመንበሩ ክንፍ ከሌሎቹ በአንድ ስንዝር ይርዘም የሚል ነው። ኢንጂነሩ አንዱ ከረዘመ መሣሪያው እየተንዘፈዘፈ እንደሚበታተን ተናገረ።

ሊቀመንበሩ፣ «ሊቀመንበርና ተራ አባል እኩል ከሆነማ ድሮውንም ተበታትነናል» አሉ።

ድምፅ ተሰጠ። የደገፉ ሊቀመንበሩ፣ እትዬ ሙሉወርቅ፣ ወይዘሮ ሞሚና እና ጸሐፊው ናቸው። ጸሐፊው የደገፈው በራሱ ክንፍ ላይ ስሙን በራሱ እጅ ጽሑፍ እንዲጽፍ ስለተፈቀደለት ነው፣ ይህንንም ማንም በሱ ቦታ ቢሆን ያደርገዋል። ጀማነህ እጁ በሶፋው ጀርባ በኩል ወደ ላይ ተዘርግቶ ስለተገኘ ከደጋፊዎች ተቆጠረ። የተቃወመ ኢንጂነር ሳህሌ ብቻ።

ሰባት ክንፍ እንዲሆን፣ አንዱ በስንዝር እንዲረዝም፣ የቢሩክም ክንፍ ቢሩክ እስኪመጣ ታጥፎ እንዲቆይ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ መሣሪያው ጀርባውን ስለመስጠቱ

ኢንጂነሩ ንግግር እንደማያዋጣው አይቶ፣ «ቆይ፣ በዓይናችሁ እዩት» ብሎ መስኮቱን ከፈተ። ንፋስ ገባ። የቃለ ጉባኤው ሁለት ገጽ በረረ፣ ጸሐፊውም አባሮ ያዘው። ተርባይኑ ዞር ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ ሰጠና መሽከርከር ጀመረ። አምፖሏ በራች።

ኢንጂነሩ፣ «በራ! ተመልከቱ፣ በሦስት ክንፍ በራ!» አለ።

ይሁን እንጂ በዚሁ ቅጽበት ሊቀመንበሩ ጅራቱ ቀጥ ብሎ ወደ እሳቸው ፊት መዞሩን ስላዩ፣ «ምን ማለት ነው ይሄ?» ብለው ተነሥተው ነበር። ስለ ጅራቱ የተጀመረው ውይይት ቅድሚያ ስለተሰጠው የብርሃኑ ጉዳይ ወደ ልዩ ልዩ ተላለፈ።

ሊቀመንበሩ በሕይወታቸው ጀርባውን የሰጣቸው ሰው ቢኖር ከሥራ የተባረረ ብቻ መሆኑን ገለጹ። እትዬ ሙሉወርቅ ታላቅ ሰው ባለበት ጅራት ማዞር ነውር መሆኑን፣ ልጆቻችን እዚህ አገር አድገው የሚማሩት ይህንኑ መሆኑን በምሬት ተናገሩ። ኢንጂነሩ ጅራቱ ያለው ፊቱ ንፋሱን እንዲያገኝ እንደሆነ፣ ንፋሱን ካላገኘ የቆመ እንጨት እንደሆነ ተናገረ፣ ለመነ ማለትም ይቻላል።

ሊቀመንበሩ ነገሩን በተግባር ለመፈተሽ ወንበራቸውን ይዘው ወደ ግራ ሄዱ። ጅራቱ አልተከተላቸውም፣ ፊቱም አልዞረላቸውም። በመጨረሻ ሄደው መስኮቱ ላይ ቆሙ። አሁን ፊቱን ሰጣቸው። ንፋሱን ስለጋረዱት ግን ተርባይኑ ቆመ፣ አምፖሏም ጠፋች።

ሊቀመንበሩ፣ «ይኸው! ሥርዓት ሲይዝ እንዴት እንደሚያምር አያችሁ?» አሉ። ተጨበጨበላቸው።

ከረጅም ውይይት በኋላ ጅራቱ እንዲቆረጥ፣ አንገቱም በሽቦ ታስሮ ፊቱ ወደ ሊቀመንበሩ ወንበር እንዲሆን ተወሰነ። ንፋሱ ከዚያ በኩል ባይመጣስ ተብሎ በኢንጂነሩ ሲጠየቅ፣ እትዬ ሙሉወርቅ በጸሎት እንደሚያዝ፣ ሊቀመንበሩ ደግሞ «ይለምዳል። ሰው ሁሉ ለምዶኝ የለ እንዴ?» ሲሉ መልሰዋል።

አጀንዳ 4፦ መብራቱ በማን ቤት እንደሚበራ

እትዬ ሙሉወርቅ የጋራ የሆነ ነገር ሁሉ በተራ እንደሚበላ ጠቅሰው፣ ተርባይኑ እንደ ማኅበር ጠበል ጻዲቅ በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ይዙር፣ ተረኛውም ድግስ ደግሶ ይቀበለው አሉ። እሳቸው የጴንጤ ሰው ሆነው ጠበል ጻዲቅ መጥቀሳቸው ጋሼ ጎሹን እጅግ አስደስቷል። ኢንጂነሩ ተርባይን ምሰሶ ላይ በብሎን የሚታሰር ነገር እንጂ ሙሽራ አለመሆኑን ተናገረ። ወይዘሮ ሞሚና ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ እንደሚገባላት፣ ጎረቤት ከጠየቃትም «ዲሽ ነው» እንደምትል አረጋገጠች።

በዚህ መሐል ጀማነህ ብድግ ብሎ፣ «ኦቨርታይም ከሆነ እኔ አለሁ» አለና ተመልሶ ተኛ። አስተያየቱ እንደ ድጋፍ ተመዝግቧል።

ተርባይኑ ጎማ እንዲገጠምለት ተወሰነ።

ሊቀመንበሩ ውሳኔ ወረቀት ላይ ከሚያድር በሥራ ይተርጎም ብለው፣ ጅራቱ እዚሁ ስብሰባው ላይ እንዲቆረጥ አዘዙ። ወይዘሮ ሞሚና መጋዝ ለመዋስ ወደ ምድር ቤት ወረደች። ኢንጂነር ሳህሌ ተነሥቶ ጅራቱን በሁለት እጁ ያዘ። «ጋሼ፣ ከነገ ወዲያ እኮ ነው የሚመጡት። እባክዎ» አለ። ሊቀመንበሩ ለሁሉም ጊዜ አለው አሉ። ኢንጂነሩ ግን አልለቀቀም።

አጀንዳ 5፦ ልዩ ልዩ

መጋዙ መጣ። ነገር ግን ከሞሚና ጋር የሕንፃው ላንድሎርድ ሚስተር ዌይንም ራሱ መጋዙን ይዞ መጣ፣ ከላይ ምን እየቆረጣችሁ ነው ለማለት። የሁለቱንም ወገን ንግግር የተረጎመው ጸሐፊው ነው። የእንግሊዝኛው ፍጥነት ለሌላ ሰው አስቸጋሪ ነበር።

ሚስተር ዌይን ተርባይኑን ዞሮ ዞሮ አየው። ኢንጂነሩን የት ሊሰቅለው እንዳሰበ ጠየቀና መልሱን ሰምቶ፣ «እሺ፣ ስቀሉት፣ ግድ የለኝም። የምፈልገው አንድ ስም ብቻ ነው። ባለቤቱ ማነው? ክንፉ ተነቅሎ በርሮ ጎማ ቤቱ ደጅ የቆመ መኪና ላይ ቢያርፍ ሱ የማደርገውን ሰው ማወቅ አለብኝ» አለ።

«ሱ» ማለት ፍርድ ቤት መክሰስ መሆኑን ሁሉም ስለሚያውቅ ቃሉን መተርጎም አላስፈለገም። ጀማነህ እንኳ ነቅቶ ተቀመጠ።

ሚስተር ዌይን ብዕሩን አውጥቶ ጠበቀ።

ሊቀመንበሩ፣ «እኔ የሰው ሊቀመንበር ነኝ እንጂ የብረት አይደለሁም። አገር ቤት አንዲት ፊርማ ፈርሜ ሰባት ዓመት ፍርድ ቤት ተመላልሻለሁ። ከዚያ ወዲህ የልደት ካርድ ላይ እንኳ አልፈርምም» አሉ።

እትዬ ሙሉወርቅ ተርባይኑ በጋራዣቸው የቆመው እንደ እንግዳ እንደሆነ፣ እንግዳን ደግሞ ስሙን መጠየቅ ልማዳቸው እንዳልሆነ ተናገሩ። የገዛችው ትኩስ ቡና ፈሶባት ሚሊዮን ስለተፈረደላት ሴትዮም አነሡ። «ቡና እንዲህ ካደረገ እንጨትማ ምን ሊያደርግ ነው!»

ጀማነህ ዲናሞው ከሱ ቶዮታ አለመሆኑን፣ ቶዮታውም በሚስቱ ስም መሆኑን፣ እሱም ስብሰባው ላይ እንዳልነበረ፣ ተኝቶ እንደነበር ምስክር እንዲቆጠርለት ጠየቀ።

ወይዘሮ ሞሚና፣ «ወላሂ፣ የግሪን ካርዴ ቀለም ገና አልደረቀም። ያሸሁት ሌላ እንጨት ነው» አለች።

ጸሐፊው በበኩሉ ክንፉ ላይ ስሙን ገና እንዳልጻፈ ለጥንቃቄ አስመዝግቧል።

ይህን ጊዜ ኢንጂነር ሳህሌ የያዘውን ጅራት ለቆ፣ በጣም በትሕትና፣ «ታዲያ ምን ይሻላል ጋሼ? እኔ የኔ ነው ብዬ ልፈርም እችላለሁ። ግን ዘውዴ እኮ ጽፎታል። የዕድሩ ንብረት ነው፣ ሰባት ክንፍ ይኑረው፣ አንዱ የሊቀመንበሩ ይሁን፣ በስንዝርም ይርዘም ተብሏል። ነገ ዳኛ ፊት ቢነበብ የበረረው ክንፍ ረጅሙ ነው ቢባልስ?» ሲል ጠየቀ።

ሊቀመንበሩ ተቀመጡ። ቀጥሎ ቆሙ። ቀጥሎ፣ «ዘውዴ፣ ምን ብለህ ነው የጻፍከው?» አሉ።

ጸሐፊው ቃል በቃል አነበበላቸው። አነባበቡ አንድም ቦታ አልተደናቀፈም፣ ይህም ሊቀመንበሩን የበለጠ አስደነገጣቸው። ቅደደው ተባለ። ጸሐፊው የተጻፈ ነገር እንደማይቀደድ፣ በሌላ ውሳኔ ግን ሊሻር እንደሚችል አስረዳ።

ሚስተር ዌይን ደረጃው ላይ እንደሚጠብቅ ተናግሮ መጋዙን ይዞ ወጣ።

ከአጭር ውይይት በኋላ፣ ዕድሩ ከተቋቋመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ድምፅ፣ የሚከተለው ተወሰነ፦

ተርባይኑ የዕድሩ ንብረት ነው የተባለው ተሽሯል። ተርባይኑ ከመጀመሪያዋ እንጨት ጀምሮ የኢንጂነር ሳህሌ ብቻ ነው፣ ዕድሩም አያውቀውም።

ሰባቱ ክንፎች ተሽረዋል። በተለይ ረጅሙ እንዳልታሰበ ይቆጠር። ሦስቱ ክንፎች የማንም አይደሉም፣ የተርባይኑ ናቸው።

ጅራቱ አይቆረጥም። ተርባይኑ ለፈለገው ሰው ጀርባውን መስጠት ይችላል። ሊቀመንበሩ እንዲያውም ባያያቸው እንደሚመርጡ በራሳቸው ቃል አስመዝግበዋል።

ጎማውና ተራው ተሽረዋል።

ምልዓተ ጉባኤም አልነበረም፣ ጀማነህ ተኝቶ ነበርና። ምልዓተ ጉባኤ ካልነበረ መሻሩስ እንዴት ይጸናል የሚል ጥያቄ ከኢንጂነሩ ተነሥቶ፣ ስብሰባው የተካሄደው ለመሻር ያህል ብቻ እንደሆነ፣ ለመወሰን ያህል ግን እንዳልተካሄደ ተወስኗል።

ማንም የኮሚቴ አባል ስሙ ከተርባይኑ ጋር በየትም ቦታ፣ በማንም ፊት አይነሣም።

ኢንጂነር ሳህሌ ወደ ደረጃው ወጥቶ ስሙን ሰጠ፣ ፈረመም። ሲመለስ መሰላል ይዞ ነበር። ሚስተር ዌይን ጣሪያው ላይ ለቅዳሜ እንዲጠቀምበት አውሶታል። ተርባይኑን ከነጅራቱ አቅፎ ወደ በሩ ሲሄድ ሊቀመንበሩ ክርኑን ያዙት።

«ሳህሌ ልጄ፣ ቅዳሜ እነዚያ ሰዎች ሲመጡ... ከጠሉት የኛን ስም እንዳታነሣ። ከወደዱት ግን፣ ያው፣ ‹በርታ› ያልኩህን አትርሳ።»

ኢንጂነሩም፣ «ጋሼ፣ ስምዎ በማንም ፊት እንዳይነሣ አሁን በሙሉ ድምፅ ወሰናችሁ እኮ። እኔ ደግሞ የኮሚቴ ውሳኔ አልጥስም» ብሎ ወጣ።

ሊቀመንበሩ ውሳኔውን እንደገና ለማየት ስብሰባ እንዲቀጥል ቢጠይቁም፣ ከኢንጂነሩ ሌላ ጀማነህም ሺፍት ደረሰብኝ ብሎ ስለወጣ የሰው ቁጥር ጎደለ። ስብሰባው በዚሁ ከቀኑ 11 ሰዓት ከ10 ላይ ተበተነ።

ጸሐፊ፦ ዘውዴ